አጥር የሚቆመው በየዓመቱ ሲታደስ ነው



ነገሥታት ስላሠሯቸው ግንቦች ብዙ ተጽፏል። ስለ ቤት አጥር የጻፈ ግን እምብዛም የለም። እናቶቻችንና አባቶቻችን በየክረምቱ መግቢያ የተከሉት ቅንጭብ፣ በየበጋው ከዱር የጎተቱት እሾህ፣ በየመስከረሙ ያቃኑት ቋሚ እንጨት በማንም መዝገብ አልሰፈረም። ይሁን እንጂ አንድ ቤተሰብ ከጎረቤቱ፣ ከከብቱ፣ ከአውሬው፣ ከዝናቡና ከፀሐዩ ጋር እንዴት እንደኖረ ለማወቅ የሚሻ ሰው አጥሩን ቢመለከት ብዙ ነገር ያነብበታል።

ይህን ጉዳይ ዛሬ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በሰው አገር ደክማችሁ ወደ ቤታችሁ ከምትልኩት ገንዘብ ብዙ ጊዜ አንዱ ወጪ አጥር ነው። «ቆርቆሮው አርጅቷል፤ በብሎኬት እናሳጥረው» የሚል ቃል በስልክ የደረሳችሁ ብዙዎች ናችሁ። ገንዘቡ ይላካል፤ ግንቡ ይቆማል፤ ፎቶግራፉም ይደርሳችኋል። ከዚያ በኋላስ ቤቱ በእውነት ታጥሯልን? ይህን ለመመለስ አስቀድመን አጥር በአገራችን ምን እንደ ነበረ፣ ቀጥለንም እንደ እናንተ በሰው አገር ያገለግል የነበረ አንድ ሰው ለፈረሰው የአባቶቹ ቅጥር ምን እንዳደረገ እንመልከት።

አጥር በአራቱ ወቅቶች

በግእዝ ሥርዓታችን የቆየው አቆጣጠር ዓመቱን በአራት ይከፍለዋል፤ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መጸው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በጋ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ ይባላል። የገበሬውም አጥር በዚሁ አቆጣጠር ይኖር ነበር።

በጸደይ የበልጉ ዝናብ ምድሩን ሲያለሰልስ ጉድጓድ መቆፈር ይቀላል። አዲስ ቋሚ የሚቆመው፣ የቅንጭብ ቅርንጫፍ ተቆርጦ የሚሰካው በዚህ ጊዜና በክረምቱ መግቢያ ነው። ቅንጭብ ሥር ሳይኖረው እንኳ በምድር ቢሰካ ይጸድቃል። ወተቱ የሚያቃጥል ስለ ሆነ ከብት አይበላውም፤ ዐይን ውስጥ ከገባም ክፉኛ ይጎዳልና ልጆች እንዳይነኩት አጥብቀው ይመከሩ ነበር። ቁልቋልም በዚሁ ጠባዩ ለአጥር ይመረጣል። እሾሃማዎቹ አጋምና ቀጋ ሌላ ጥቅም ነበራቸው፤ አጥር ሆነው ያገለግላሉ፣ ፍሬያቸውንም እረኛ ይለቅመዋል።

ክረምት አጥርን የሚያሳድግና የሚያፈርስ ወቅት ነው። ሕያው አጥር ይለመልማል፤ የደረቀው እንጨት ግን ከሥሩ ይበሰብሳል፤ በረጠበው ምድር ላይ የቆመ ቋሚ ይዘምማል። በጓሮ ያለው ጎመንና በቆሎ ለጥጃና ለፍየል የሚያጓጓበት ወቅትም ይኸው ነው። ስለዚህ በክረምት የአጥር ሥራ ትንንሽና የዕለት ተዕለት ነበር፤ የዘመመውን መደገፍ፣ የላላውን ማገር በልጥ ማሰር፣ የተከፈተውን ቀዳዳ በአንድ ነዶ እሾህ መድፈን።

መስከረም ሲጠባ ሁሉም ነገር ይቃናል። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ቤቱ ሲለቀለቅ ግቢውም ይጸዳል፤ ከልክ ያለፈው አጥር ይከረከማል። ቀጥሎ በመጸው አዝመራው ሲደርስ አጥር ከቤት ወጥቶ ወደ አውድማ ይሄዳል፤ የተከመረውን እህል ከከብት ለመጠበቅ ዙሪያው በእሾህ ይከበባል።

በጋ ሌላ ፈተና አለው። አዝመራው ከተነሣ በኋላ ከብቱ በቃርሚያው ላይ ይለቀቃል፤ ያገኘውንም ይሞክራል። ምስጥ ከመሬት በታች የእንጨቱን እግር ይበላል። ወይራና ጽድ ምስጥን ስለሚቋቋሙ ለቋሚ የተመረጡ ነበሩ፤ እነርሱን ያላገኘ የእንጨቱን ጫፍ በእሳት አቃጥሎ ይተክላል፤ በኋላ ዘመን ደግሞ የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ተለመደ። የግራር እሾህ ተቆርጦ፣ በአንድ ላይ ታስሮ፣ እየተጎተተ የሚመጣውም በዚህ በደረቁ ወራት ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር አስተውሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ «አጥሩ ተጠናቀቀ» የሚባልበት ቀን የለም። አባቶቻችን የሚያውቁት አጥር አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀመጥ ዕቃ አልነበረም። በየወቅቱ እየተመለሱ የሚፈጽሙት ግዴታ ነበር።

ውሻ የቀደደው

«ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚለውን ተረት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዛሬ ስለ ጠብና ስለ ክፉ ምክር እንናገርበታለን። መጀመሪያ ግን ይህ ቃል በቀጥታ የአጥር ዕውቀት ነው። ውሻ ለመውጣትና ለመግባት የምታሰፋት ቀዳዳ በቀን ምንም አትመስልም። ማታ ግን ጅብ ያገኛታል። በግ የጠፋበት ሰው ጅቡን ከመርገሙ በፊት «ቀዳዳዋን ስንት ቀን አየናት?» ብሎ ቤተሰቡን ይጠይቅ ነበር።

መጽሐፈ ምሳሌም ይህንኑ ያስተምራል (ምሳ 24፥30-34)። ጠቢቡ በአንድ ሰነፍ ሰው እርሻና የወይን ቦታ በኩል ሲያልፍ እሾህና ሳማ ሞልቶበት፣ የድንጋይ ቅጥሩም ፈርሶ አገኘው። ጠላት መጥቶ ደመሰሰው አይልም። ያፈረሰው ጥቂት እንቅልፍና ጥቂት ማንቀላፋት ነው። ሲራክም በበኩሉ አጥር የሌለው ሀብት እንደሚዘረፍ ከተናገረ በኋላ ወዲያው ቤት የሌለው ሰው ሲንከራተት ያሳየናል (ሲራ 36)። የሰው ልጅ መቅበዝበዝና የአጥር መጥፋት በጠቢቡ አሳብ ጎን ለጎን የቆሙ ነገሮች ናቸው።

ስለዚህ የአጥር ጠባቂ ትልቁ ሙያ ማየት ነበር። ጠዋት ከብቱ ሳይወጣ ዙሪያውን መዞር፣ አዲስ ዱካ፣ የተሰበረ ማገር፣ የላላ ልጥ መፈለግ። በጊዜው የታየ ቀዳዳ በአንድ ነዶ እሾህ ይደፈናል፤ ያልታየ ደግሞ በጎችን ያስከፍላል።

አጥር የሁለት ሰው ነው

አጥር ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ወደ እኛ፣ ሁለተኛው ወደ ጎረቤት ያያል። ስለዚህ በአገራችን አንድ ሰው ለብቻው የሚያጥረው አጥር ጥቂት ነበር። ብዙ እጅ የሚሻውን ሥራ ደቦ ይወጣዋል፤ ባሏ የሞተባት ሴት አጥር ዘምሞ ሲታይ የመንደሩ ሰው ያፍር ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት በእንዲህ ያለው ሥራ ላይ እውነት ሆኖ ይታያል።

በአጥሩ ላይ ብዙ ነገር ይሻገር ነበር። እሳት የጠፋባት ፍም ትጠይቃለች፤ ወንፊት ያጣች ወንፊት ትዋሳለች፤ ቡና ሲፈላ ጥሪው የሚሰማው በአጥር በኩል ነው። ልቅሶም እንዲሁ መጀመሪያ የሚሰማው በአጥር በኩል ነው። የታጠረ ቤት ነበር፤ ሆኖም ድምፅ የማያልፍበት አጥር አልነበረም።

ጠብ አልነበረም ለማለት አልደፍርም። ድንበር መግፋት ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅ ኃጢአት ነው፤ የጎረቤቱን የድንበር ምልክት የሚያፈልስ በኦሪት ከተረገሙት መካከል ተቆጥሯል (ዘዳ 27፥17)። በተለይ ባለቤቱ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ አጥሩ በየዓመቱ አንድ ክንድ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ይህን የሚያስቀረው የጎረቤት ምስክርነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በትግራይ፣ ቀጥሎም በአማራና በሌሎች ክልሎች የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ሲሰጥ በደብተሩ ላይ የአዋሳኞች ስም በየአቅጣጫው ተጽፏል። በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሊት ይላል። የመሬታችን ወሰን በሰነዱ ላይ እንኳ የተነገረው በጎረቤቶቻችን ስም ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የምንለው በከንቱ አይደለም።

ሦስት አገር፣ ሦስት ትምህርት

ከቤት አጥር ወጥተን ማኅበረሰብ በአንድነት የጠበቃቸውን ቅጥሮች ብንመለከት ይህ ነገር ይበልጥ ይገለጣል።

ከእናንተ መካከል የእምድብር ሀገረ ስብከት ልጆች ጀፎረን ታውቁታላችሁ። በጉራጌ መንደር ቤቶች ግራና ቀኝ ተሰልፈው፣ በመካከላቸው ሰፊ ሣር የለበሰ ጎዳና ይዘረጋል። ከብት ይግጥበታል፤ ልጆች ይጫወቱበታል፤ ሠርግና ልቅሶ ይቆምበታል። የየቤቱ አጥር ወደ ጀፎረው ይመለከታል፤ ግን ወደ ጀፎረው አይገባም። አጥሩን አንድ እርምጃ ወደፊት የገፋ ሰው በአገር ሽማግሌ ይጠየቃል። መስቀል ሲቃረብም በየከተማው የተበተነው ልጅ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ቤቱና ግቢው አስቀድሞ ይዘጋጃል። እዚያ የአጥር ዋና ትምህርት የጋራ የሆነውን ለጋራ መተው ነው።

የሐረር ጀጎል በ16ኛው ምዕት ዓመት የተገነባ ሲሆን፣ ትውፊቱ ሥራውን ለአሚር ኑር ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። ከበሮቹ ሌላ በግንቡ ሥር ሆን ተብሎ የተተዉ ቀዳዳዎች ይገኛሉ፤ ጅቦች በሌሊት ገብተው የከተማዋን ጥራጊ በልተው የሚወጡባቸው ናቸው። ውሻ የቀደደውና ሰው አስቦ የተወው ቀዳዳ እንዴት የተለያዩ ናቸው! አንዱ የቸልታ ነው፤ ሌላው የልክ። የሐረር ሰዎች ሁሉን መዝጋት ጥበብ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር።

በኮንሶ ደግሞ ያለ ጭቃ የተካቡ የድንጋይ ካቦች መንደሮቹን ይከብባሉ፤ ተራራውንም በእርከን ይይዛሉ። አንዳንዱ የእርከን ካብ እስከ አምስት ሜትር ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ ሲመዘገብ ይህ ባህል ከ400 ዓመት በላይ፣ ሃያ አንድ ትውልድ የዘለቀ መሆኑ ተመስክሯል። ጭቃና ሲሚንቶ የሌለው ካብ ይህን ያህል ዘመን የቆመው ዝናብ ያወረደውን ድንጋይ በየጊዜው ወደ ቦታው የሚመልስ ልጅ ከአባቱ በኋላ ስለ ተነሣ ነው።

የሰበሰቡትን ድንጋይ ቅጥር ማድረግ በመጽሐፍም የምናውቀው ሥራ ነው። በኢሳይያስ 5 የወይኑ ባለቤት ቦታውን ቆፍሮ ድንጋዩን ለቅሞ ያወጣል፤ ወይኑም ቅጥር እንዳለው እናነባለን። በቤተ ልሔም አቅራቢያ በምትገኘው በባቲር ከእርሻው የተለቀመ ድንጋይ ካብ ሆኖ ወይራና ወይን ሲይዝ ዛሬም ይታያል። በአገራችንም በደቡብ ጎንደር ገበሬዎችና ካህናት ባለፉት ዓመታት ከማሳው የተለቀመውን ድንጋይ በቤተ ክርስቲያን ደኖች ዙሪያ ክበውት ደኑ ከከብት ተጠብቆ ችግኙ ማደግ ጀምሯል። ለማረሻ እንቅፋት የነበረው ድንጋይ ለደኑ ጠባቂ ሆነ።

ከእሾህ ወደ ብሎኬት

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ቤቷም አጥሯም ከዙሪያዋ ደን የተቆረጠ እንጨት ነበር። ደኑ ፈጥኖ አለቀ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከተማይቱን ካቆዩዋት ነገሮች አንዱ በዚያው ዘመን የገባው ከአውስትራሊያ የመጣ ባሕር ዛፍ ነው። ቢቆርጡት ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ በየዓመቱ ለሚታደስ አጥር የተመቸ ሆነ። ቀጥሎ ቆርቆሮ መጣ፤ ከቆርቆሮው በኋላ ብሎኬት፤ በብሎኬቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪና እሾሃማ ሽቦ።

አሁን የምትኖሩባቸው አገሮችም ተመሳሳይ መንገድ ሄደዋል። በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ከነዳጅ ዘይት ዘመን በፊት ብዙው ሕዝብ ቤቱንና ግቢውን የሚሠራው በተምር ዝንጣፊ ነበር፤ ዝንጣፊው ሲደርቅና ሲሰባበር ይቀየራል። ነፋስና የጎረቤት ድምፅ ያልፍበታል። ከዚያ በኋላ ሲሚንቶው መጣ፤ ግንቡም ከፍ አለ።

ብሎኬትን ለመንቀፍ አልተነሣሁም። እናት እሾህ ከመጎተት ዐርፋለች፤ ሌሊት በሰላም ትተኛለች፤ ይህ የእናንተ ላብ ፍሬ ነውና እግዚአብሔር ይባርከው። ሆኖም የጠፋውንም ማየት አለብን። ብሎኬት ደቦ አይጠራም። ፍም አያሻግርም። ጎረቤት ወደ ውኃ የሚሄድባትን ጠባብ መንገድ ዘግቶ ሊቆም ይችላል። ከሁሉ በላይ፣ የማይታደስ አጥር ወደ እርሱ እንድንመለስ አይጠይቀንም። ከረጅም ግንብ በስተ ጀርባ በቤት ሠራተኝነት የምትኖሩ እኅቶቼ ይህን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ ግንብ ሊጠብቅም ሊያስርም ይችላል፤ ልዩነቱ ያለው በበሩና ቁልፉን በያዘው ሰው ልብ ነው።

የሱሳው ጠጅ አሳላፊ

አሁን ወደ ነህምያ እንምጣ። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 445 ገደማ፣ ቦታው በፋርስ መንግሥት የሱሳ ግንብ ነው። ነህምያ የንጉሡ የአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ነበር። በዛሬ ቃል በሰው አገር፣ በጌቶች ቤት የሚያገለግል ስደተኛ ብንለው ከእውነት አንርቅም። ወንድሙ አናኒ ከይሁዳ በመጣ ጊዜ ነህምያ አስቀድሞ የጠየቀው ስለ ሰዎቹ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ከተማይቱ። መልሱ ከባድ ነበር፤ ሕዝቡ በታላቅ መከራ ላይ ነው፤ ቅጥሩ ፈርሷል፤ በሮቹ በእሳት ተቃጥለዋል። ነህምያ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ጾመ፤ ጸለየ (ነህ 1)።

ፈቃድ ሲጠይቅም ንጉሡ ያቀረበለት ጥያቄ እናንተ ሁሌ የምትሰሙት ነው፤ ስንት ጊዜ ትቆያለህ? መቼ ትመለሳለህ? ነህምያም ቀኑን ወሰነ (ነህ 2፥6)። ለበሮቹ የሚሆን እንጨት እንዲሰጠው ለደኑ ጠባቂ ደብዳቤ አስጻፈ። ኢየሩሳሌም ሲደርስ ወዲያው አላወጀም። ሦስት ቀን ቆየ፤ ከዚያ በሌሊት ከጥቂት ሰዎች ጋር ወጥቶ የፈረሰውን ቅጥር ዞሮ ተመለከተ። እንደ መልካም የቤት አባወራ መጀመሪያ ቀዳዳውን አየ።

ምዕራፍ 3ን ስናነብ የስም ዝርዝር ብቻ ስለሚመስለን እናልፈዋለን። ከመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ለደቦ የተሰጠ ትልቁ ክብር ግን ይህ ምዕራፍ ነው። ታላቁ ካህን ኤልያሴብ ከካህናቱ ጋር የበጎችን በር ሠራ። ወርቅ አንጥረኞችና ሽቱ ቀማሚዎች ድንጋይ አነሡ። አንድ አለቃ ከሴቶች ልጆቹ ጋር አደሰ። የቴቁሐ ታላላቆች ትከሻቸውን ነፈጉ፤ የቴቁሐ ተራ ሰዎች ግን ሌላም ክፍል ጨምረው ሠሩ። ብዙዎች በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን አደሱ፤ አንዱም በጓዳው አንጻር ብቻ ሠራ። ማንም ሙሉውን ቅጥር አልሠራም። እያንዳንዱ የሠራው ግን ከጎረቤቱ ሥራ ጋር ተጋጠመ፤ በ52 ቀንም ቅጥሩ ተፈጸመ (ነህ 6፥15)።

በሥራው መካከል የሆነውን ነገር ግን አትዝለሉት። በምዕራፍ 5 ድሆቹ ጮኹ፤ በረሃብ ምክንያት እርሻቸውንና ቤታቸውን በመያዣ አስይዘዋል፤ ልጆቻቸው፣ በተለይም ሴቶች ልጆቻቸው፣ ለባርነት እየተሰጡ ነው፤ አበዳሪዎቹም የገዛ ወንድሞቻቸው ናቸው። ነህምያ እጅግ ተቈጣ፤ ያስያዙትን መልሱ አለ። ውጭው ሲካብ ውስጡ እየተሸጠ ያለ ቤት አልታጠረም። የእናንተም አንዳንዶቻችሁ መንገድ በአራጣ እንደ ተጀመረ፣ የአንዲት እኅት ደመወዝ ገና ሳትቀበለው ለአበዳሪ እንደሚከፈል እናውቃለን። በዚህ ጉዳይ ቤተሰብ እህትን እንደ ገንዘብ ምንጭ ብቻ እንዳያይ ነህምያ ይመሰክርበታል።

ታሪኩም በ52ኛው ቀን አላለቀም። ነህምያ ዐሥራ ሁለት ዓመት አገረ ገዥ ሆኖ ቆይቶ ወደ ንጉሡ ተመለሰ። እንደገና ፈቃድ ጠይቆ ሲመጣ ቅጥሩ ቆሞ ነበር፤ ሕይወቱ ግን ተከፍቷል፤ ሰንበት ተሽሮ በዕረፍት ቀን ሸክም ይገባል። እርሱም በሰንበት ዋዜማ በሮቹ እንዲዘጉ አዘዘ፤ ጠባቂም አቆመ (ነህ 13)። እነሆ ቅጥሩ ለምን እንደ ተሠራ! ሠራተኛው፣ ባሪያውና ከብቱ የሚያርፉበት ቀን እንዲኖር ነው። ለመሥራት 52 ቀን በቃ፤ ለመጠበቅ ዕድሜ ልክ አስፈለገ።

ለእኛ የቀረው ሥራ

ከዚህ ታሪክ ወደ ኑሯችን ሦስት ነገር ልውሰድ።

የመጀመሪያው ስለ ቤታችሁ ነው። ለአጥር ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት እንደ ነህምያ አስቀድማችሁ ስለ ሰዎቹ ጠይቁ። ከጎረቤት ጋር በወሰኑ ተስማምተዋልን? አዋሳኞቹ መሠረቱ ሲቆፈር ቆመው አይተዋልን? ሌላው የሚያልፍባት መንገድ ትዘጋለችን? የመሬቱ ደብተር የት አለ፣ በማን ስም ነው? ሥራው ሲፈጸምም ጎረቤቶች ቡና ይጠሩበት። ግንቡ በአንድ ክንድ ቢያጥርና ጎረቤት ወዳጅ ሆኖ ቢቀር ቤቱ በደንብ ታጥሯል።

ሁለተኛው ስለ ትዳራችሁና ስለ ልጆቻችሁ ነው። ርቀት በራሱ ቤት አያፈርስም፤ ያልታየች ቀዳዳ ግን ታፈርሳለች። በሳምንት አንድ ጊዜ የነበረው ስልክ በወር ይሆናል፤ ወሬው ሁሉ ስለ ገንዘብ ይሆናል፤ ልጁ የእናቱን ድምፅ ሲሰማ መጫወቱን አይተውም። ይህ ውሻ የቀደደው ነው፤ ገና በአንድ ነዶ እሾህ ይደፈናል። በየወቅቱ ተመለሱበት። በዐቢይ ጾም መግቢያ ከምን እንደምንጾም እንደምንጠይቅ ሁሉ፣ ከማን ጋር ሳንነጋገር እንደ ቆየንም እንጠይቅ። በአንድ ሰዓት ተስማምታችሁ እናንተ እዚህ፣ እነርሱ እዚያ መቁጠሪያ ጸልዩ። እንዲህ ያለውን ሥራ ማንም በገንዘብ ሊሠራላችሁ አይችልም።

ሦስተኛው ስለ ራሳችሁ ነው። የዕረፍት ቀን ያላችሁ፣ ቀኑን ጠብቁት፤ ሰዓቱ ሁሉ በትርፍ ሥራ እንዳይበላ በራችሁን ዝጉለት፤ ወደ ቅዳሴ ኑ። የዕረፍት ቀን የተነፈጋችሁ ደግሞ ኃጢአቱ የእናንተ እንዳልሆነ ዕወቁ፤ ለመውጣት ያልቻላችሁ እኅቶች በየቅዳሴው በጸሎታችን ትታሰባላችሁ። መውጣት የምንችለውም በስልክም ሆነ በመልእክት የእነርሱን ድምፅ የምንፈልግ እንሁን። ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እውነተኛውን ጾም ሲያስተምር፣ እስራትን የሚፈታና ለራበው የሚቆርስ ሕዝብ የፈረሰውን ጠጋኝ ተብሎ እንደሚጠራ ተስፋ ይሰጣል። ያን ስም የሚያገኙት አንዱ የሌላውን አጥር የሚያድሱ ናቸው።

ስለ ቅጥር ብዙ ስንናገር ግን የጌታችንን ሥራ መርሳት አይገባንም። እርሱ በአይሁድና በአሕዛብ መካከል ያለውን የጥል ግድግዳ በሥጋው አፈረሰ (ኤፌ 2፥14)፤ ራሱንም የበጎች በር አድርጎ አስተዋወቀን (ዮሐ 10፥7)። በነህምያ ዘመን ታላቁ ካህን ከሁሉ አስቀድሞ ያቆመው የበጎችን በር እንደ ነበረ አስታውሱ። መልካም አጥር በሩ የሚታወቅ ነው፤ በጎቹ ገብተው ያርፉበታል፣ ወጥተው ይሰማሩበታል። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም «ፍራቴሊ ቱቲ» በተባለው እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው መልእክታቸው ግንብ የሚያቆም ሰው በገዛ ግንቡ ውስጥ ባሪያ ሆኖ እንዳይቀር አስጠንቅቀዋል።

ይህን በምታነቡበት ወቅት በአገር ቤት አንድ ሰው አጥር እየዞረ ይሆናል፤ ምናልባት አባታችሁ ነው፤ ምናልባት በእናንተ ፈንታ የጎረቤት ልጅ ነው። ዛሬ ስትደውሉ ስሙን ጠይቁ፤ አመስግኑት። እግዚአብሔር መግቢያችሁንና መውጫችሁን ይጠብቅ፤ የፈረሰውን የምናድስበት ጉልበት፣ የቆመውን የምንጠብቅበት ትዕግሥት ይስጠን። እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም በስደቷ ቤት አልባ መሆንን ታውቃለችና ስለ እናንተ ታማልድ። አሜን።